ሽርጡን ለምን ያወርዳል? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ማላያላም ፊልም

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በአረቢያ ባሕር ዳርቻ ተዘርግታ የምትገኘው ኬረላ ቋንቋዋ ማላያላም ነው። በዚህ ቋንቋ የሚሠሩ ፊልሞች በኢንተርኔት በኩል ከእኛም ሰዉ ዘንድ ተመልካች አግኝተዋል። የዛሬው ዓምድ ፊልሞቹ ከአገራቸው ባህል ጋር ባላቸው ትስስር ላይ ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በልጅነታችን ያየነው የሕንድ ፊልም ዘፈን፣ ጭፈራና አሥር ሰው በአንድ ቡጢ የሚያነጥፍ ጀግና ነበር። ማላያላሙ ግን አንድ ፎቶ አንሺ ባዶ እግሩን ሲዞር ሁለት ሰዓት ያሳየናል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ገንዘብ አጥሯቸው ነው?» (ከአዳማ)

ያዩት «ማሄሺንቴ ፕራቲካራም» ነው፤ «የማሄሽ በቀል» ማለት ነው፣ በ2016 የወጣ። የገንዘቡ ነገር ግማሽ እውነት አለው። በ2011 ቆጠራ የኬረላ ሕዝብ 33 ሚሊዮን ግድም ነበር። ሂንዲ ከሚሰማው ሕዝብ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገበያ ነው። ነገር ግን ትንሽ ገበያ ብቻውን እንዲህ ያለ ፊልም አይወልድም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልደው ርካሽ የቡጢ ፊልም ነው። ልዩነቱን ያመጣው ተመልካቹ ነው።

ኬረላ ውስጥ መንደር ሁሉ የንባብ ቤት ነበረው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፒ. ኤን. ፓኒከር የተባሉ መምህር በ1945 የቤተ መጻሕፍት ማኅበር መሥርተው በየመንደሩ መጽሐፍና ጋዜጣ እንዲዳረስ አደረጉ። ሚያዝያ 1991 ላይ ክፍለ ግዛቱ ሙሉ በሙሉ ማንበብና መጻፍ የቻለ ተብሎ ታወጀ። በሌላ በኩል ኬፒኤሲ የሚባለው የግራ ዘመም ቴአትር ቡድን ከ1950 ጀምሮ ከቦታ ቦታ እየዞረ የጪሰኛና የባለ መሬት ተውኔት ያሳይ ነበር፤ በ1957 ኮሚኒስቶች በምርጫ ሥልጣን ሲይዙ መንገዱን ከጠረጉት አንዱ እሱ ነው ይባላል። ልብ ወለድ ያነበበና ተውኔት አይቶ የተከራከረ ሰው ሲኒማ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደራሲው ማን ነው?» ብሎ ነው። እስከ ዛሬም በኬረላ የፊልም ጸሐፊ ስም እንደ ተዋናይ ስም ሰው ይስባል።

ጅማሬው ግን እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የማላያላም ፊልም «ባላን» በ1938 የተሠራው ከኬረላ ውጭ፣ ሳሌም በሚገኝ የታሚሎች ስቱዲዮ ነው። ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት አብዛኛው ሥራ በማድራስ ስቱዲዮዎች ነበር። በ1947 አላፑዣ ላይ ኡዳያ፣ በ1951 ቲሩቫናንታፑራም ላይ ሜሪላንድ ስቱዲዮ ቢከፈቱም እንኳ ኮኮናቱ በሥዕል፣ መንደሩ በእንጨት ይሠራ ነበር። ነገሩን የቀየረው በ1954 የወጣው «ኒላኩዪል» ነው። ከበላይ መደብ የሆነ መምህር «የማይነካ» ከሚባል ወገን የተወለደች ልጅ አስረግዞ ይከዳታል፤ ሕፃኑን የሚያሳድገው ፖስተኛው ነው። ዜማው እስከዚያ ጊዜ እንደተለመደው ከሂንዲ ፊልም አልተቀዳም፤ ከገጠሩ ዘፈንና ከሙስሊሞቹ የማፒላ ዜማ ተወሰደ። ሰው ጎረቤቱ ሲዘፍን የሚሰማውን ከመጋረጃው ላይ ሰማ።

ወደ ፎቶ አንሺው እንመለስ። ማሄሽ በአደባባይ ተደብድቦ ሽርጡ ስለተገፈፈ፣ ደሙን ሳይመልስ ነጠላ ጫማ ላያደርግ ይምላል። ኢዱኪ የተባለው ተራራማ አውራጃ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት፣ የበቀሉ ዜና ከበቀሉ ቀድሞ ይደርሳል። ፊልሙ የሚያሾፈው በዚህ ነው። ሰውዬውን አንድም ቀን ጀግና አያደርገውም።

«ዱባይ ከኬረላ ልጆች ጋር እሠራለሁ። አንዱን ‹ቼታ›፣ አንዱን ‹ኢካ›፣ እኔን ደግሞ ‹ቼቺ› ይላሉ። ሁለት ትልልቅ ተዋናዮቻቸውን እንኳ አንዱን ማሙካ፣ አንዱን ላሌታን ይሏቸዋል። ሰብታይትሉ ግን ይህን ሁሉ ዘሎት ያልፋል። ምን እያመለጠኝ ነው?» (ከዱባይ)

ግማሹ ፊልም እያመለጠዎት ነው፤ ይህን ስንል አላጋነንም።

ቼቺ ታላቅ እህት ነው፤ እትዬ ወይም እታለም እንደምንለው ነው፣ በአክብሮት ጠርተውዎታል። ቼታን (ሲጣራ ቼታ) ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ እንደ ማለት ነው። ወደ ሰሜን ሲወጡ ኤታን ይሆናል። ኢካ ደግሞ ሙስሊሞች ታላቅ ወንድማቸውን የሚጠሩበት ነው። እንግዲህ ማሙቲ ከሙስሊም ቤተሰብ ስለተወለደ ማሙካ፣ ሞሃንላል ከሂንዱ ቤተሰብ ስለሆነ ላሌታን ተባሉ። ሁለቱም «ጋሽ እገሌ» ነው፤ ልዩነቱ የቤተሰባቸውን ሃይማኖት መናገሩ ብቻ ነው። የሶርያ ሥርዓት ክርስቲያን የሆነ፣ ደህና የጎማ ዛፍ እርሻ ያለው የኮታያም ሰው ቢሆን አቻያን ይባል ነበር። እናት ለሂንዱ አማ፣ ለሙስሊም ኡማ፣ ለክርስቲያን አማቺ ነው። ወንድ መምህር ማሽ፣ የፓርቲ ጓድ ሳካቩ ነው። ሞኔና ሞሌ «ልጄ» ነው፣ ለወንድና ለሴት፤ ያልወለዱትንም ይጠሩበታል።

ይህ ሁሉ ለምን ከበደ? በአማርኛ «ይምጡ» ስንል አክብሮቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ አንቱታውን በአፍ ባንጠራውም ይሰማል። የማላያላም ግስ በተራ አረፍተ ነገር ውስጥ እኔ፣ አንተ፣ እሱ ብሎ አይለይም፤ «መጣ» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ነው። ተውላጠ ስሙም አደገኛ ነው፤ «ኒ» (አንተ፣ አንቺ) ለማይቀርቡት ሰው ከተባለ ስድብ ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰው ተውላጠ ስሙን ይሸሽና በምትኩ የዝምድና መጠሪያውን ያስገባል፤ «አንተ በላህ?» ለማለት «ቼታን በላ?» ይላል። አክብሮቱ፣ ሃይማኖቱ፣ አውራጃው፣ የዕድሜ ልዩነቱ በዚያች ቃል ላይ ተጭነዋል። እንግሊዝኛው ሰብታይትል «አንተ» ብሎ ሲያልፈው አብሮ ይጥላቸዋል።

ስለዚህ ፊልሙ ሲጀመር ከሰዎቹ ስም ይልቅ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይከታተሉ። ጠብ ሲቀርብ መጠሪያው ይጠፋና «ኒ» ይመጣል። ቡጢው ገና ሳይነሣ የኬረላ ተመልካች ተቀምጦበት ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ተጣይው መጀመሪያ ሽርጡን ወደ ላይ ያጥፋል። ሽማግሌ ሲመጣ ያወርዳል። ምንድን ነው ነገሩ?» (ከኮምቦልቻ)

ነጩ ወይም ክሬም ቀለም ያለው ሙንዱ፣ ባለ ቀለሙና ባለ መስመሩ ካይሊ ወይም ሉንጊ ይባላል። ሙንዱ የአዘቦትም የክብርም ሲሆን ካይሊ የቤትና የሥራ ነው። ጫፉ በወርቅማ ክር የተሠራው ካሳቩ ለበዓልና ለሠርግ ይወጣል።

ሙንዱ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሲወርድ ለባሹ በሥርዓት ላይ ነው። ከታች ተይዞ እጥፍ ተደርጎ ወገብ ላይ ሲታሰር ጉልበት ይገለጣል፤ ይህ ለመራመድ፣ ለመሥራት፣ ለመዝናናትና ለመደባደብ ነው። በሽማግሌ፣ በመምህር፣ በአሠሪ ፊት ወይም ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ መውረድ አለበት። አደግድጎ መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ጨርቁ ላይ የሚደረገው ነገር ተገላቢጦሽ ነው እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሽማግሌ እያየ አለማውረድ ንቀት ነው፤ ዳይሬክተሩ ሰውዬው ባለጌ መሆኑን አንድ ቃል ሳያናግር የሚነግርዎት በዚህ ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ሙስሊሞች ጫፉን ወደ ግራ፣ ሂንዱዎች ወደ ቀኝ ያስገቡታል።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮከቡ ሙንዱውን በዝግታ ሲያጥፍ ሲኒማ ቤቱ ይፈነዳ ነበር። የዛሬዎቹ ወጣት ዳይሬክተሮች ያንኑ እጥፋት ለቀልድ ይጠቀሙበታል።

«ሁልጊዜ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት፣ ውስጡ አይጥ ወይም መንፈስ፣ እንዲሁም አንድ ሥራ የማይሠራ አጎት አለ። ለምን?» (ከጎንደር)

ቤቱ ታራቫድ ይባላል። ከበላይ መደብ የሚቆጠሩት የናያሮችና የአንዳንድ ሌሎች ወገኖች የእናት ዘር ቤት ነው። በድሮው ሥርዓት ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ነው፤ ንብረቱ አይከፈልም፤ ባል ሚስቱን የሚያገኛት እናቷ ቤት ነው። ሀብቱን የሚያስተዳድረው አባት አይደለም፤ የሴቶቹ ታላቅ ወንድም ካራናቫር ነው። አጎትዬው በየፊልሙ የተሰየመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥርዓቱ የኖረው ከጪሰኛ በሚመጣ እህል ነበር። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሕጎች ንብረቱን መከፋፈል ፈቀዱ፤ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመሬት ማሻሻያ ጪሰኛውን ባለ ይዞታ አደረገው፤ በ1975 የወጣ ሕግ ደግሞ የጋራ ቤተሰብ ንብረትን ጨርሶ ሰረዘ። የቀረው አሥራ ስድስት ክፍል ያለው ቤት፣ ጣራውን የሚያስጠግን ገንዘብ የሌለበት፣ ውስጡም ማዘዝ እንጂ መሥራት ያልለመደ ወንድ ነው። መሬት ለአራሹን የኖረ አንባቢ ይህን ሰው ፊት ለፊት ያውቀዋል።

አዱር ጎፓላክሪሽናን በ1981 በሠራው «ኤሊፓታያም» («የአይጥ ወጥመድ») ያንን ሰው ብቻውን ያስቀምጠዋል። ኡኒ ጋዜጣ ያነባል፣ ጺሙን ይከረክማል፣ መንገድ ላይ ውኃ ካቆረ ተመልሶ ይገባል። እህቶቹ ያበስላሉ፣ አይጥ በወጥመድ ተይዞ ኩሬ ውስጥ ይነከራል። ሌላ ብዙ ነገር አይከሰትም። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱን ግን ይክሳል።

ነገር ግን ይህ ቤት ኬረላ ሁሉ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከፊልሞቹ ጋር ጠብ አለን። ኦታፓላም አጠገብ ያለው ቫሪካሴሪ ማና የተባለ አንድ የብራህማን ቤት በብዙ ፊልሞች ውስጥ የተለያየ ባላባት ቤት እየሆነ ተሠርቶበታል። በዚያ አካባቢ የሚነገረው የበላይ መደብ አነጋገርም የ«ንጹሕ» ማላያላም መለኪያ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት በመጋረጃው ላይ ነገሠ። የትሪሹር፣ የቲሩቫናንታፑራምና የማላፑራም አነጋገር ለአስቂኙ ሰው ተተወ። የ1990ዎቹ ብዙ ፊልሞች ደግሞ «ኤሊፓታያም» የቀበረውን ባላባት ከመቃብር አውጥተው ጺሙን አጠማዘው ጀግና አደረጉት።

መንፈስ ያለበት ቤት ከፈለጉ በ1993 የወጣውን «ማኒቺትራታዙ» ይዩ። ፊልሙ የተቆለፈ ክፍልን ተረት ከአእምሮ ሕክምና ጋር ያጋጥማል። በታሚል፣ በካነዳ (የጎረቤት ክፍለ ግዛት ቋንቋ) እና በሂንዲ እንደገና ተሠርቷል፤ የሂንዲው ታሪኩን ወደ ሰሜን ሕንድ አዛወረው። ቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ያምራል፤ ታራቫዱ ግን ስለጠፋ ሙሽራይቱ ከቤቱ ጋር ያላት ቁርኝት አብሮ ሳስቷል።

«‹ታላቁ የሕንድ ማዕድ ቤት› የሚባለውን አየሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምግብ ይሠራል። ምን ለማለት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

በጄኦ ቤቢ የተሠራው ይህ ፊልም ጥር 2021 ላይ የወጣው ኒስትሪም በሚባል አነስተኛ የማላያላም መተላለፊያ ነው፤ ትልልቆቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር። የሚያዩት ምግብ አይነቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው ቁም ነገሩ። አማትየው (የባልየው አባት) ሩዙ በፕሬሸር ኩከር ሳይሆን በእንጨት እሳት እንዲበስል፣ ኮኮናቱ በማሽን ሳይሆን በድንጋይ እንዲፈጭ፣ ልብሱ በእጅ እንዲታጠብ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ የሚጠይቁት በለስላሳ ድምፅ ነው። መሣሪያው እቤት እያለ አለመጠቀም የባህል ስም ተሰጥቶታል። የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያፈሳል፤ ባልየው ቧንቧ ሠሪ መጥራት ይረሳል፤ ሚስት እድፋሙን ውኃ በባልዲ እየተቀበለች ትኖራለች። ያቺን ባልዲ አይርሷት፤ ፊልሙ የሚፈነዳው በእሷ ነው።

ሁለት ነገር ካላወቁ ሁለተኛው አጋማሽ ግራ ያጋባል። አንደኛ፣ ባልና አማት ጥቁር ለብሰው የሚጾሙት ወደ ሳባሪማላ ተራራ ቤተ መቅደስ ለመሄድ ነው፤ ጾሙ በልማድ 41 ቀን ሲሆን የወር አበባ ላይ ካለች ሴት መራቅን ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መስከረም 28 ቀን 2018 ከ10 እስከ 50 ዓመት የሆኑ ሴቶች ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ልማድ ሽሮ ነበር፤ ኬረላ በዚህ ተናውጣለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚሰማው ክርክር እሱ ነው።

የማጀቢያ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። የሚሰማው ቢላዋ፣ ዘይት፣ ውኃ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ካዩት ግማሹ ይጠፋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ይዩት።

«የኬረላ ኦርቶዶክሶች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ‹ኢ.ማ.ያው› ላይ ያየሁት ቀብር ግን ከሥርዓታችን ጋር አልገጥም አለኝ።» (ከአትላንታ)

ልክ ነዎት፣ ሊገጥም አይችልም፤ በዚያ ፊልም ያሉት ሰዎች ኦርቶዶክስ አይደሉም። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1965 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጠች ናት። መነሻዋን በ52 ዓ.ም. ወደ አገሩ መጣ ከሚባለው ከሐዋርያው ቶማስ ትቆጥራለች። «ኢ.ማ.ያው» (2018) የሚያሳየው ግን በኮቺ አጠገብ ቼላናም በተባለው የባሕር ዳር የሚኖሩ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮችን ነው። የእነሱ ክርስትና ከፖርቱጋል ሚስዮናውያን ጋር የተያያዘ ነው። ርዕሱ «ኢሾ፣ ማሪያም፣ ያውሴፔ» የሚለው አጠር ብሎ ነው፤ ኢየሱስ፣ ማርያም፣ ዮሴፍ። ሰው ሲያጣጥር በጆሮው የሚባል ነው።

በሌሎች ፊልሞች የሶርያ ሥርዓት ክርስቲያኖችን ለመለየት አሮጊቶቹን ይመልከቱ። ነጭ ቻታ (ሰፊ ሸሚዝ) እና ከበስተኋላ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ ነጭ ሙንዱ ይለብሳሉ፤ የጆሯቸው የላይኛው ክፍል ላይ ትልቅ የወርቅ ቀለበት ይንጠለጠላል። ሠርግ ላይ ሙሽራው ለሙሽሪት ማንትራኮዲ የሚባል ሳሪ ይሰጣል፤ መስቀል ያለበት ትንሽ ወርቅ (ሚኑ) የሚታሰረውም ከዚያ ሳሪ በተመዘዙ ሰባት ክሮች ነው። ወርቅ አንገት ላይ ማሰሩ ከሂንዱ ጎረቤት የተወረሰ ነው፤ መስቀሉ የራሳቸው።

በነገራችን ላይ፣ በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የዚሁ አገር ልጆች ነበሩ። አገራቸው ማሽ ይባሉ ነበር ማለት ነው።

«ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ‹አዱጂቪታም›ን ጓደኞቼ አሳዩኝ፤ መጨረስ አልቻልኩም። እንዲህ ያሉ ሌሎች አሉ?» (ከደሴ)

አሉ፤ ከሁሉ ለእርስዎ የሚቀርበው ሌላ ነው። በ2011 ካማል የሠራው «ጋዳማ» ርዕሱ ራሱ ኸዳማ የሚለው የዐረብኛ ቃል በኬረላ አፍ ተጣሞ ነው። ከመንደር ወጥታ ሳዑዲ ቤት የገባች ሴትን ይከተላል፤ ፓስፖርት የተያዘባት፣ አምልጣ መንገድ የጠፋባት። በዚያን ጊዜ ካፋላ በሚባለው ሠራተኛውን ከአሠሪው ጋር በሚያስር ሥርዓት፣ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርም ከአገር መውጣትም ስለማይችል፣ ማምለጥ ራሱ ወንጀል ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ፊልሙ ይህን ከሕግ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል።

«አዱጂቪታም» («የፍየል ሕይወት»፣ 2024) የቤንያሚን ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ብሌሲ የሠራው ነው። ዮርዳኖስ ዋዲ ረም በረሃ ሲቀረጽ በ2020 የኮሮና እገዳ ቡድኑን በዚያው አግቶት ነበር። ባለ ታሪኩ ናጂብ የሚጠፋው አየር ማረፊያ ላይ ነው፤ ዐረብኛ ስለማይሰማ አሠሪው ያልሆነ ሰው «ና» ሲለው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ይመጣል። ከበረሃው መንገድ የሚመራው ደግሞ ኢብራሂም የሚባል አፍሪካዊ ነው። ከብዶዎት ከሆነ የተዉበት ቦታ ላይ አይመለሱ፤ በአገሩ ወንዝ ላይ ያሉትን ትዕይንቶች ብቻ ቢያዩ እንኳ ሰውዬው ምን እንዳጣ ይገባዎታል።

ከ1970ዎቹ የነዳጅ ዘመን ወዲህ ገልፍ (የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች) የሄደ ሰው የሌለበት የኬረላ ቤት ማግኘት ይቸግራል። የማላያላም ፊልም መጀመሪያ ተመላሹን ሽቶና ቴፕ ይዞ በመጣ አስቂኝ ሰው መልክ ነበር የሚያሳየው። በ1989 የወጣው «ቫራቬልፑ» ቀልዱን መራራ አደረገው፦ ተመላሹ በቆጠበው ገንዘብ አውቶቡስ ይገዛል፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ዘመድና መንግሥት ተባብረው ባዶ እጁን ያስቀሩታል። «ፓቴማሪ» (2015) ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ገንዘብ ልኮ ችግሩን ግን አንድም ቀን ያልላከ አባት ነው። ሻንጣ ሲፈታ የቤተሰቡን ዓይን ይመልከቱ።

«‹ሱዳኒ ፍሮም ናይጄሪያ› ውስጥ ናይጄሪያዊውን ለምን ሱዳኒ ይሉታል? አፍሪካዊ ተጫዋች እዚያ ምን ይሠራል?» (ከሐዋሳ)

ማላፑራም አካባቢ ሴቨንስ የሚባል በሰባት ሰው የሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር አለ። በበጋው ወራት፣ በማታ መብራት፣ ለወቅቱ ብቻ በተሠራ መቀመጫ ዙሪያ ሺዎች ይሰበሰባሉ። ክለቦቹ ከምዕራብ አፍሪካ ተጫዋች ይቀጥራሉ፤ ከናይጄሪያም ይምጣ ከጋና ወይም ከላይቤሪያ፣ ሕዝቡ በጅምላ «ሱዳኒ» ይለዋል። ስያሜው ፍቅር አለው፣ ድንቁርናም አለው፤ የ2018ቱ ፊልም ሁለቱንም አልደበቀም። እግሩ የተሰበረውን ሳሙኤልን የሚያስታምሙት ሁለት እናቶች፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ የፊልሙ ልብ ናቸው፤ ተዋናዮቹም ከኮዚኮድ የቴአትር መድረክ የመጡ አንጋፋዎች ናቸው። መልኩ ጥሩ ብቻ አይደለም፦ ዋናው ናይጄሪያዊ ተዋናይ ሳሙኤል ሮቢንሰን ከፊልሙ መውጣት በኋላ በዘሩ ምክንያት ያነሰ ተከፈለኝ ብሎ በይፋ ተናግሯል፤ ነገሩ በኋላ በስምምነት ተዘጋ።

«ፊልማቸው እንዲህ ለሴት የሚቆረቆር ከሆነ ኢንዱስትሪያቸውስ?» (ከሎንዶን)

አይደለም። የመጀመሪያው የማላያላም ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ የናያር ሴት ሆና የተጫወተችው ፒ. ኬ. ሮዚ ከዝቅተኛ መደብ የተወለደች ነበረች። «እንዴት እሷ የእኛን ሴት ትጫወታለች» ብለው መጋረጃው ላይ ድንጋይ ወረወሩ፣ ቤቷን አቃጠሉ፤ ከአገሯ ተሰደደች። ታሪኩ የተጀመረው በዚህ ነው።

የካቲት 2017 አንዲት ታዋቂ ተዋናይ ታፍና ጥቃት ደረሰባት። ሴት የፊልም ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ፣ መንግሥትም በቀድሞዋ ዳኛ በሔማ የሚመራ ኮሚቴ ሰየመ። ሪፖርቱ ታኅሣሥ 2019 ላይ ቢቀርብም ለሕዝብ የወጣው ነሐሴ 19 ቀን 2024 ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። ሥራ ለማግኘት የሚጠየቀውን ወሲባዊ ጉቦ፣ መቅረጫ ቦታ ላይ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ አለመኖሩን ዘርዝሯል። በዚያው ወር የተዋናዮች ማኅበር አመራር በሙሉ ሥራውን ለቀቀ።

«ከየት ልጀምር? ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሂንዲ እያወራብኝ ተውኩት።» (ከመቀሌ)

ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም። ብዙ መተላለፊያዎች ማላያላሙን ፊልም በሂንዲ ድምፅ ያስጀምራሉ። ከመጫወትዎ በፊት የድምፁን ምርጫ ከፍተው ማላያላም፣ ሰብታይትሉን እንግሊዝኛ ያድርጉ። በነጻ የሚገኙት አብዛኞቹ በሂንዲ የተቀዱ ናቸው፤ በዚያ ቅጂ የሰሜኑ የካሳራጎድ ገበሬና የደቡቡ የቲሩቫናንታፑራም ደላላ በአንድ አፍ ይናገራሉ፣ ስለዚህ ይለፏቸው።

መጀመሪያ «ማሄሺንቴ ፕራቲካራም»ን፣ ቀጥሎ «ኩምባላንጊ ናይትስ»ን (2019) ይዩ። ሁለተኛው በር የሌለው ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾችንና መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን የሚያደንቅ ንጹሕ ሰውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ማንን መፍራት እንዳለብዎት ቀስ ብሎ ይነግርዎታል። ሦስተኛ «ሱዳኒ»፣ አራተኛ «ቲንካላዝቻ ኒሽቻያም» (2021)፣ የካሳራጎድ አካባቢ የቀለበት ድግስ ሲሰናዳ የሚያሳይ፣ ለአነጋገሩ ሲባል። «ኤሊፓታያም»ን ለአምስተኛ ያቆዩት፤ በእሱ የጀመሩ ብዙዎች እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ካርታ ከፍተው 14ቱን አውራጃዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ጊዜ ይቁጠሩ፤ የተራራውን፣ የሐይቁን፣ የባሕር ዳሩን ለይተው ያስታውሱ። አንድ ነገር ይጠብቁ፦ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ሻይ ቤት ውስጥ ወሬ ብቻ ይመስላሉ። ወደፊት አያሳልፏቸው። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የሚታወቅበት ፍንጭ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ፣ ከሻዩ ጋር ተቀድቷል።